ከመቶ ኪሎ በላይ ለሚመዝን ብስክሌተኛ የሚበረክት ቸርኬ

የኋላ ቸርኬያችሁ በየሁለትና በየሦስት ወሩ ሽቦ የሚበጥስ ከሆነ ጥፋቱ የሰውነታችሁ አይደለም። 105 ወይም 115 ኪሎ የሚመዝን ሰው በኮርስ ብስክሌት ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር አንድ ሽቦ ሳይበጠስበት ሊሄድ ይችላል። የሚያስፈልገው በቂ ሽቦ ያለው፣ በደንብ የተወጠረ የኋላ ቸርኬና ሰፋ ያለ ጎማ ነው። አዲስ ብስክሌት ላይ ተገጥሞ የሚመጣው ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ይህን አያሟላም። ከፊት 20 ወይም 24፣ ከኋላ 24 ወይም 28 ሽቦ ይዞ፣ በችኮላ ተወጥሮ ይመጣል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይበቃል፤ ለከባድ ሰው አይበቃም።

ስያሜው እንዳያምታታ፦ ሙሉውን ነገር ቸርኬ፣ ጎማው የሚቀመጥበትን ክብ ቀለበት፣ መሃሉን ሞዞ፣ ስፖክ የሚባለውን ሽቦ፣ ሽቦውን ቀለበቱ ላይ የምታጠብቀውን ትንሽ ዳዶ ደግሞ ኒፕል እላለሁ።

ሽቦ የሚበጠሰው ክብደት ስለጎተተው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ብስክሌቱ ላይ ስትቀመጡ ከመሬት በላይ ባለው የቸርኬው ታችኛ ክፍል ያሉት ጥቂት ሽቦዎች ይላላሉ፤ የሌሎቹ ውጥረት እምብዛም አይለወጥም። ቸርኬው ሲዞር እያንዳንዱ ሽቦ ታች ሲደርስ ይላላል፣ ሲያልፍ መልሶ ይወጠራል። 28 ሚሊ ሜትር ጎማ የገባበት ቸርኬ አንዴ ሲዞር 2.13 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሽቦ በአንድ ኪሎ ሜትር 470 ጊዜ፣ በ10,000 ኪሎ ሜትር 4.7 ሚሊዮን ጊዜ እየላላ ይወጠራል ማለት ነው። ቀጭን ሽቦ በእጅ ወዲያና ወዲህ እያጣጠፉ መቁረጥ ይቻላል፤ በቸርኬው ላይ የሚሆነውም የዚያው ዓይነት ድካም ነው፣ በጣም በዝግታ።

ጋላቢው ሲከብድ መላላቱ ይጨምራል። ሽቦው ከመጀመሪያው በቂ ውጥረት ካልነበረው ጉድጓድ ሲያገኝ ጨርሶ ይላላል። ያን ጊዜ ክርኑ፣ ማለትም ሞዞው ውስጥ ገብቶ የሚታጠፈው ጫፉ፣ በቀዳዳው ውስጥ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ኒፕሉም በራሱ ይፈታል። የአንዱ መላላት የጎረቤቶቹን ሸክም ስለሚጨምር ነገሩ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ይበላሻል። ለዚህ ነው «ትንሽ ላላ ይበል፣ ይመቻል» የሚለው ምክር ለከባድ ሰው ጎጂ የሆነው። ሽቦ ማላላት ምቾት አይሰጥም፤ ምቾት የሚገኘው ከጎማው ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የሚበጠሰው የኋለኛው ቸርኬ ሽቦ ነው፣ በተለይ የግራው። የኋላው ቸርኬ ከጠቅላላው ክብደት ከግማሽ በላይ ይሸከማል፤ በተለመደው አቀማመጥ ከ55 እስከ 60 በመቶ። በዚያ ላይ ካሴቱ፣ ማለትም ካቴናው የሚያርፍባቸው የኋላ ጥርሶች፣ በቀኝ በኩል ቦታ ስለሚይዝ፣ ሽቦዎቹ የሚሰኩበት የሞዞው ቀኝ ጠርዝ ወደ መሃል ገብቶ ይቀመጣል። ቀለበቱ ፍሬሙ መሃል ላይ እንዲቆም የቀኞቹ ሽቦዎች በኃይል ይወጠራሉ፣ የግራዎቹ ላላ ይላሉ። የቀኙ 115 ኪሎ ሲወጠር የግራው 60 ኪሎ አካባቢ ይቀራል። ባለ 11 ፍጥነት ካሴት ሲመጣ ጠርዙ ይበልጥ ወደ ውስጥ ስለተገፋ ልዩነቱ ሰፍቷል። ቀዳዳዎቹ ከመሃል ፈንጠር ብለው የተበሱበት ቀለበት ይህን ልዩነት ያጠብባል፤ ለኋላ ካገኛችሁ ውሰዱት። የዲስክ ፍሬን ሞዞም የግራውን ጠርዝ ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ የሁለቱ ጎን ውጥረት ይቀራረባል።

ቸርኬ ከመምረጣችሁ በፊት ክብደታችሁን በትክክል ደምሩ። አምራቾች የሚጽፉት የክብደት ገደብ ብዙ ጊዜ የሰውየውን ብቻ ሳይሆን የሁሉን ድምር ነው። 105 ኪሎ ሰው፣ 9 ኪሎ ብስክሌት፣ 2 ኪሎ ጫማ፣ ሄልሜትና ልብስ፣ 1.5 ኪሎ ውሃ፦ 117.5 ኪሎ። ገደቡ 120 ኪሎ የተባለ ቸርኬ ላይ ቁልፍ፣ ፓምፕና የጀርባ ቦርሳ ሲጨመር አለቀ። ገደቡ የተጻፈው የሰው ክብደት ይሁን ድምር ካልተገለጸ እንደ ድምር ቁጠሩት።

የሽቦ ብዛት ላይ ያለኝ አቋም ይህ ነው። እስከ 85 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጥሩ የተወጠረ 24 ከፊት፣ 28 ከኋላ ይበቃዋል። ከ85 እስከ 100 ኪሎ 28 ከፊት፣ 32 ከኋላ። ከ100 እስከ 120 ኪሎ ሁለቱም 32፤ መንገዱ መጥፎ ከሆነ የኋላው 36። ከ120 በላይ ከኋላ 36 የግድ ነው፤ ለሁለት ሰው ብስክሌት የሚሠሩ ባለ 40 ቀዳዳ ሞዞና ቀለበቶችም አሉ። ከ28 ወደ 32 መሄድ የሚጨምረው አራት ሽቦና አራት ኒፕል፣ በድምሩ 30 ግራም የማይሞላ ነው። 105 ኪሎ ሰው ይህን 30 ግራም ለመቆጠብ ብሎ ቸርኬውን ማዳከሙ ከልቤ ያሳዝነኛል። ሌላ ጥቅምም አለው፦ ከ32 አንዱ ቢበጠስ ቸርኬው ትንሽ ይጣመማል እንጂ ፍሬም እስኪነካ አይወላገድም፤ ቤት ያደርሳችኋል። ከ20 አንዱ ከተበጠሰ ግን ጉዞው እዚያው ያበቃል።

ይህ የድሮ ሰው አስተሳሰብ ለሚመስላችሁ፦ በፈረንሳይ የድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚካሄደውን የፓሪ ሩቤ ውድድር የሚጋልቡ ባለሙያዎች፣ ሰውነታቸው ቀጭን ሆኖ ሳለ፣ ለብዙ ዓመታት ለዚያ ቀን ሲሉ የካርቦን ቸርኬያቸውን አስቀምጠው አምብሮዚዮ ኔሜሲስ የተባለውን የአሉሚኒየም ቀለበት በ32 ሽቦ እየገጠሙ ይሮጡ ነበር። የአዲስ አበባን የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን በየቀኑ ለሚጋልብ ከባድ ሰው ያ ምርጫ ዛሬም ትክክል ነው።

ቀለበቱ አሉሚኒየም ይሁን። ከፍታው ከ23 እስከ 31 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ ከ18 እስከ 21፣ ክብደቱ ከ450 እስከ 550 ግራም። ከፍ ያለ ቀለበት ግትር ስለሆነ የጉድጓዱን ምት ለብዙ ሽቦዎች ያካፍላል፤ ከ400 ግራም በታች የሆነ ቀለበት ግን ምቱን ሁለትና ሦስት ሽቦ ላይ ይጥለዋል፣ በኒፕል ቀዳዳዎቹ ዙሪያም ቶሎ ይሰነጠቃል። ዲቲ ስዊስ አር 460 በ32 ቀዳዳ፣ ሄድ ቤልጂየም ፕላስ፣ ቬሎሲቲ ዳያድ በ36 ቀዳዳ ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ናቸው። የመጨረሻው ከባድ ነው፤ ከ115 ኪሎ በላይ ለሆነ ሰው እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ካርቦን በራሱ ደካማ አይደለም። ግን የቀለበት ፍሬን፣ ማለትም ቀለበቱን ራሱን ጨምቆ የሚያቆም ፍሬን፣ ላላቸው ብስክሌቶች ለከባድ ሰው አልመክረውም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ 117 ኪሎ በዚያ ላይ በቀለበት ፍሬን ሲገታ የሚፈጠረው ሙቀት ካርቦኑን የያዘውን ሙጫ ሊያለሰልስ ይችላል። አሉሚኒየምም ይግላል፣ ግን ሙቀቱን ወደ አየር ይበትናል። እዚያም ቢሆን ፍሬን ይዞ ከመቆየት ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ ይሻላል። አዲስ ብስክሌት የምትገዙ ከሆነ 160 ሚሊ ሜትር ዲስክ ያለው ውሰዱ፤ ቀለበቱ አያልቅም፣ አይግልም።

ቀለበቱ ውስጥ የሚዞረውን ሪባንም ቸል አትበሉ። ቀጭኑ የፕላስቲክ ሪባን ሲሞቅ ለስልሶ ወደ ሽቦ ቀዳዳዎቹ ይሰምጣል፤ ካመራዳሪው ተከትሎት ይገባና የቀዳዳው ጠርዝ ይበሳዋል። የሚተነፍሰው ቀዳዳ በካመራዳሪው የውስጥ በኩል፣ ማለትም በሽቦዎቹ በኩል ከሆነ ጥፋተኛው ሪባኑ ነው። ወፍራም የጨርቅ ሪባን ይሻላል።

ሽቦው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ወፍራሙ ይጠነክራል» በሚል ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል 2 ሚሊ ሜትር የሆነው ሽቦ ርካሽ ነው፤ ግን ጫፎቹ 2.0፣ መሃሉ 1.8 ሚሊ ሜትር የሆነው ሽቦ ይበረክታል። መሃሉ ቀጭን ስለሆነ ሲወጠር እንደ ላስቲክ ትንሽ ይበልጥ ይለጠጣል፤ ቸርኬው ታች ሲጫን ያ ልጠት ስለሚተርፈው ጨርሶ አይላላም። ወፍራሙ ግን ትንሽ ሲጫን ውጥረቱን ሁሉ ያጣል፣ ድካሙም ክርኑ ላይ ያርፋል። ከባዱ ሰው ማድረግ የሚችለው የተሻለ ነገር አለ፦ ለኋላ ቀኝ ክርኑ 2.18 የሆነውን ሳፒም ፎርስ ወይም 2.34 የሆነውን ዲቲ ስዊስ አልፓይን 3፣ ለኋላ ግራና ለፊት ተራውን 2.0፣ 1.8፣ 2.0። ክርኑ በሞዞው ቀዳዳ ውስጥ ልል ከሆነ ከሽቦው ራስ ሥር ቀጭን የናስ ዋሸር አስገቡ፤ ራሱ ከጠርዙ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ኒፕሉ ናስ ይሁን። የአሉሚኒየም ኒፕል በ32 ሽቦ የሚቆጥበው 25 ግራም አይሞላም፤ በዝናብና በላብ ግን ከቀለበቱ ጋር ተጣብቆ ይበላል፣ በኋላ ለማጥበቅ ሲሞከር ራሱ ይቆረጣል።

ሞዞ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥርሱ የተያያዘው እንዴት ነው የሚለው ነው። ገበያ ላይ ባሉ ብዙ ያገለገሉ ብስክሌቶች ላይ ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ሞዞው ላይ እንደ ብሎን እየዞረ የሚታሰር ፍሪዊል ነው። በዚህ አሠራር የቀኙ ኩሽኔታ ከፍሬሙ ርቆ ወደ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፔርኖው፣ ማለትም የሞዞው ዘንግ፣ ያለ ድጋፍ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ከባድ ሰው ሲቀመጥበት መጀመሪያ ይጎብጣል፣ ከዚያ ይሰበራል። ቸርኬውን ከፍሬሙ አውጥታችሁ ፔርኖውን በእጅ ስታዞሩ ጫፉ ሲወዛወዝ ካያችሁ ጎብጧል። ካሴት የሚገባበት ፍሪሀብ ያለው ሞዞ የቀኙን ኩሽኔታ ወደ ፍሬሙ ጫፍ ስለሚያወጣው ይህ ችግር የለበትም። ሺማኖ 105 ባለ 32 ወይም ባለ 36 ቀዳዳ በቂ ነው፤ ኩሽኔታው የሚፈታና ግሪስ የሚቀባ ስለሆነ የትም ይጠገናል። ገንዘብ ካለ ዲቲ ስዊስ 350 ጥሩ ነው።

የሽቦው አገጣጠም በ32 እና በ36 እያንዳንዱ ሽቦ ሦስት ሌሎችን የሚያቋርጥበት ይሁን፤ በ28 ሁለት ወይም ሦስት። ከሞዞው ቀጥ ብሎ ወደ ቀለበቱ የሚሄደው አገጣጠም ከኋላ በካቴናው በኩል፣ በዲስክ ፍሬን ደግሞ የትም ጎን ላይ አይሆንም፤ ጠርዙን ወደ ውጭ ይስባል እንጂ ግፊቱን አይቋቋምም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ውጥረቱ። ምርጥ ዕቃ ተገዝቶ በመጥፎ ቢወጠር ይበጠሳል፤ መካከለኛ ዕቃ በደንብ ተወጥሮ ለዓመታት ይኖራል። ገንዘባችሁ የተወሰነ ከሆነ ከቀለበቱ ቀንሳችሁ ለሚወጥረው ሰው ክፈሉ።

የሽቦው ርዝመት በቀለበቱ የውስጥ ልክ፣ በሞዞው ጠርዝ ስፋትና በጠርዞቹ ርቀት ይሰላል፤ በ32 ሽቦ ብዙ ጊዜ 290 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይወጣል፣ የቀኙም ከግራው አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ያጥራል። ሁለት ሚሊ ሜትር ማጠር ቀላል ነገር አይደለም፦ የሽቦው ጥርስ፣ ማለትም ኒፕሉ እንደ ብሎን የሚገባበት ጫፉ፣ ከኒፕሉ ራስ ድረስ ካልደረሰ ኒፕሉ አንገቱ ላይ ይቆረጣል። ከመገጠሙ በፊት ጥርሱን በተልባ ዘይት መንከር የቆየና ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሲጠበቅ ያለሰልሳል፣ ከቀናት በኋላ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ሙጫ ኒፕሉን ይይዛል። ኒፕሉ ቀለበቱን በሚነካበት ቦታ ጠብታ ዘይት ወይም ግሪስ ይጨመር። ከዚያ ሁሉም ኒፕሎች እኩል ጥርስ ድረስ ገብተው፣ በዙር በዙር ግማሽ ዙር፣ ሲጠነክር ሩብ ዙር እየተደረገ ይጠበቃል። ውጥረቱ ከፍ ሲል ሽቦው ከኒፕሉ ጋር አብሮ ይጠመዘዛል። ከሚፈለገው ትንሽ አልፎ ማጥበቅና ያንኑ ያህል መመለስ ጥምዝምዙን ያወጣዋል። ይህ ካልተደረገ ቸርኬው በመጀመሪያው ጉዞ «ጠቅ፣ ጠቅ» እያለ ራሱን ይፈታል።

ከዚያ ብዙ ሠሪ የሚዘለው እርምጃ አለ። ጓንት አድርጎ ጎን ለጎን የሚሄዱትን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ እያደረጉ፣ በሁለቱም ጎን፣ ቸርኬውን እስኪዞሩ ድረስ በኃይል መጭመቅ። ይህ ክርኑን ጠርዙ ላይ ያስተኛዋል፣ ሽቦው ሲታጠፍ በውስጡ የቀረውንም ጭንቀት ያረግባል። ከጭመቃው በኋላ ቸርኬው ትንሽ ይጣመማል፤ ይቃናል፣ እንደገና ይጨመቃል፣ መጣመሙ እስኪያቆም። ክርን ላይ የሚበጠሱ አዳዲስ ሽቦዎች ብዙዎቹ ይህ ያልተደረገላቸው ናቸው።

ልኩ ይህ ነው፦ የኋላ ቀኝ ከ110 እስከ 120 ኪሎ፣ ማለትም ከ1,080 እስከ 1,180 ኒውተን፣ የቀለበቱ አምራች የጻፈውን ገደብ ሳያልፍ። የግራው ቀለበቱ መሃል ሲቆም የሚደርሰው ይሁን። የፊቱ ከ90 እስከ 110። በአንድ ጎን ባሉ ሽቦዎች መካከል ያለው ልዩነት ከአማካዩ ከ10 በመቶ ባይበልጥ ደስ ይለኛል። ቀለበቱ ወደ ጎን ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ አይወዛወዝ። ነገር ግን ቀጥ ብሎ የሚዞር ቸርኬ ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ አንዱ ሽቦ 140፣ ጎረቤቱ 70 ሆኖም ቀለበቱ ቀጥ ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ውጥረት መለኪያው፣ እንደ ፓርክ ቱል ቲኤም 1 ያለው፣ ዋጋ ያለው። መለኪያ ከሌለ በአንድ ጎን ያሉትን ሽቦዎች እንደ ክራር ክር በጣት እየነካችሁ አድምጡ፤ ድምፁ ከሌሎቹ በጣም ወፍሮ የሚሰማው ሽቦ የላላው ነው።

ጎማው ከቸርኬው እኩል ያሳስባል። ፍሬማችሁ ከቻለ 32 ሚሊ ሜትር፣ ካልቻለ 28 አድርጉ፤ ለከባድ ሰው 23 እና 25 ይቅርበት። የድሮ የቀለበት ፍሬን ያላቸው ብስክሌቶች ብዙዎቹ ከ28 በላይ አያስገቡም፣ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ፍሬሙና ፍሬኑ መሃል ያለውን ክፍተት ለኩ። 105 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ28 ከኋላ 90፣ ከፊት 80 ፒኤስአይ፣ በ32 ከኋላ 75፣ ከፊት 65 ጥሩ መነሻ ነው፤ ከዚያ በመንገዱ ልክ ትንሽ ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ካመራዳሪው ጎን ለጎን በሁለት ቦታ ከተበሳ ነፋሱ አንሷል፣ ቀለበቱም መንገዱን እየመታ ነው። ጠርዙ ጎማውን የሚይዝበት መንጠቆ የሌለው ቀለበት ላይ ከ5 ባር፣ ማለትም ከ72.5 ፒኤስአይ በላይ መንፋት አይፈቀድም። ከባድ ሰው 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ ከዚያ በላይ ስለሚያስፈልገው፣ እንዲህ ያለ ቀለበት አዲስ ሆኖ በርካሽ ቢቀርብም እንኳ ተዉት።

ያገለገለ ቸርኬ ስትገዙ በኋላው ግራ በኩል ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ጨምቁ፤ በቀላሉ የሚጠጉ ከሆነ ላልተዋል። በኒፕል ቀዳዳዎቹ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ፈልጉ፤ ካለ ቀለበቱ አይታደስም። የቀለበት ፍሬን ከሆነ ፍሬኑ በሚጨምቀው የቀለበቱ ጎን ላይ ማስመሪያ አስተኙ፤ መሃሉ ከጎደጎደ ግድግዳው ሳስቷል፣ አንድ ቀን በነፋሱ ኃይል ይፈነዳል። ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ቀኝ ሽቦዎችም እዩ፦ ካቴናው ወድቆባቸው ከተጫሩ በጭረቱ ላይ ይበጠሳሉ። ያ ከሆነ የማርሽ ቀያሪው ወሰን ብሎን ካልተስተካከለ አዲሶቹም ይጫራሉ።

ሽቦ ሲበጠስ የት እንደተበጠሰ ሳታዩ አትጣሉት። ክርኑ ላይ ከሆነ ውጥረቱ ዝቅተኛ ነበር ወይም አልተጨመቀም። ኒፕሉ አጠገብ ጥርሱ ላይ ከሆነ ሽቦው ከኒፕሉ ሲወጣ ተጣምሞ ነበር። አንዱ ከተበጠሰ ይተካ። በዚያው ጎን ሁለተኛና ሦስተኛ ከተከተሉ የቀሩትም እኩል ደክመዋልና የዚያን ጎን ሽቦዎች በሙሉ ቀይሩ፤ አንድ አንድ እያሉ መተካት ገንዘብም ጊዜም ያባክናል።

አዲሱን ቸርኬ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁበት በኋላ መልሳችሁ ለሠሪው ውሰዱት፣ ውጥረቱ እንደገና ይለካ። የግራና የቀኝ ሽቦ ርዝመት፣ የሞዞውና የቀለበቱን ሞዴል በወረቀት ጻፉና ያዙ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ በሻንጣ ለማምጣት የሚቀለው ሽቦና ኒፕል ነው፤ የዚያች ወረቀት ፎቶ ከላካችሁለት አይሳሳትም። ከእያንዳንዱ ርዝመት ሦስት ሦስት ሽቦ ከነኒፕሉ ቤት አስቀምጡ። ለረጅም ጉዞ ደግሞ ከኋላው የቀኝና የግራ አንድ አንድ፣ ከኒፕል ቁልፉ ጋር፣ ፍሬሙ ላይ በፕላስተር ለጥፋችሁ ውጡ።